መጥቅዕና ተውሳክ፦ የፋንክሽን ሒሳብ በሸዋ ምድር

በየዓመቱ መስከረም 1 ቀን፣ በቅዱስ ዮሐንስ፣ ካህናቱ የዘመኑን አጽዋማትና በዓላት ያውጃሉ። ነነዌ መቼ ይገባል፣ ዐቢይ ጾም መቼ ይያዛል፣ ፋሲካ በየትኛው ቀን ይውላል የሚለው ሁሉ ያን ዕለት ይሰማል። በሰሜን ሸዋ አድባራት ይህ ስሌት ለዘመናት ሲሠራበት ኖሯል። በደብረ ብርሃን የ11ኛ ክፍል ተማሪ ደግሞ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ፋንክሽኖችን መደመርና አንዱን በሌላው ላይ መደረብ ይማራል፤ መምህሩ ይህን የኋለኛውን ኮምፖዚሽን ይለዋል። ተማሪው ትምህርቱ ከባሕር ማዶ የመጣ መሆኑን ነው የሚያውቀው። ካህኑ የሚያሰላው ያንኑ እንደሆነ የነገረው የለም።

የዚህ ታሪክ ቁርጥራጮች በየቦታው አሉ። ካህናቱ ስለሚያሰሉበት ስለ ባሕረ ሐሳብ ተጽፏል፤ ስለ አፄ ዘርዓ ያዕቆብ፣ ስለ አንኮበር ቤተ መንግሥት፣ ስለ ዘመናዊ ትምህርት አጀማመርም እንዲሁ። ተገጣጥመው ሲነበቡ አንድ ነገር ይታያል። አንድ ሒሳብ ከአንድ ከተማ ተነሥቶ በሁለት መንገድ ሄደ፤ ሁለቱም መንገዶች ሸዋ ደረሱ፤ ሸዋ ላይ ግን ሳይተዋወቁ ተላለፉ።

ፋንክሽን ማለት ቁጥር ሲቀበል በያዘው ሕግ ሠርቶ አንድ ቁጥር ብቻ የሚመልስ ሥርዓት ነው። ሁለት ፋንክሽኖች ለአንድ ቁጥር የመለሱትን መደመር ይቻላል። የአንዱን ውጤት ለሌላው ማቀበልም ይቻላል፤ መደረብ የምለው ይህንን ነው። ስንዴ ተፈጭቶ ይቦካል፣ ከዚያ ይጋገራል፤ ቅደም ተከተሉ ከተፋለሰ ዳቦ የለም። በመደመር ማን እንደቀደመ ለውጥ አያመጣም፤ በመደረብ ግን ያመጣል። የባሕረ ሐሳብ መምህራን ይህን በሥራ ያውቁታል።

ከእስክንድርያ የተነሣው ቀመር፦ ከ3ኛው እስከ 5ኛው መቶ ዘመን

ትውፊት ባሕረ ሐሳብን ለእስክንድርያው 12ኛ ፓትርያርክ ለቅዱስ ድሜጥሮስ ይሰጣል። ድሜጥሮስ በመንበሩ የተቀመጠው ከ189 እስከ 232 እ.ኤ.አ. ነው። ነነዌና ዐቢይ ጾም ከሰኞ፣ ስቅለት ከዓርብ፣ ትንሣኤ ከእሑድ፣ ዕርገት ከሐሙስ እንዳይወጡ ይመኝ ነበር ይባላል። ምኞቱ እንዲፈጸምለት ከሌሊቱ 23፣ ከቀኑ 7 ሱባዔ እንዲገባ ተነገረው። 23 በ7 ሲባዛ 161 ነው፤ በ30 ሲገደፍ፣ ማለትም 30 እየተነሣ ቀሪው ሲያዝ፣ 11 ይተርፋል፤ ይህ አበቅቴ ሆነ። 7 በ7 ሲባዛ 49 ነው፤ በ30 ሲገደፍ 19 ይተርፋል፤ ይህ መጥቅዕ ሆነ።

በሰማይ በኩልም 11 ምክንያት አለው። የፀሐይ ዓመት 365 ቀን ሲሆን የጨረቃ 12 ወራት 354 ቀን ናቸው፤ ልዩነቱ 11 ነው። 19 የፀሐይ ዓመታት ከ235 የጨረቃ ወራት ጋር እንደሚገጥሙ ደግሞ ከክርስቶስ ልደት 432 ዓመት በፊት በአቴና ሜቶን አስታውቆ ነበር። እስክንድርያውያን ይህን የ19 ዓመት ዑደት ወስደው ፋሲካን ለማግኘት አዋሉት። በ325 እ.ኤ.አ. የኒቅያ ጉባኤ ክርስቲያኖች ሁሉ ፋሲካን በአንድ ቀን፣ አይሁድን ሳይከተሉ እንዲያከብሩ ሲወስን ስሌቱ የቤተ ክርስቲያን አንድነት ጉዳይ ሆነ። በ5ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አንያኖስ የተባለ የእስክንድርያ መነኩሴ የ532 ዓመት ሰንጠረዥ አዘጋጀ። የእኛ ዓመተ ምሕረት ከሮማውያኑ በ7 ወይም በ8 ዓመት ወደኋላ የቀረውም በእርሱ የዘመን ቀመር ምክንያት ነው።

532 ከየት መጣ? ጨረቃ ከዓመቱ ጋር የምትገጥመው በየ19 ዓመቱ ነው፤ የሳምንቱ ዕለት ከቀኑ ጋር የሚገጥመው በየ28 ዓመቱ። ሁለቱ ሲደመሩ ውጤቱ ራሱን የሚደግመው ሁለቱም በአንድ ጊዜ ወደ መነሻቸው ሲመለሱ ነው፤ 19 በ28 ሲባዛ 532። ዛሬ የሁለት ተደጋጋሚ ፋንክሽኖች ድምር መቼ እንደሚደገም ሲጠየቅ ተማሪ የሚሠራው ይህንኑ ነው። ሊቃውንቱ 19ኙን ዓመት ንዑስ ቀመር፣ 532ቱን ዐቢይ ቀመር ብለው ይጠሯቸዋል።

አበቅቴና መጥቅዕ ደግሞ እንደ መንታ ናቸው። ሁለቱም በየዓመቱ ይለዋወጣሉ፤ ሲደመሩ ግን ምንጊዜም 30 ናቸው። አንዱን ያገኘ ሌላውን ከ30 ቀንሶ ያገኘዋል። ይህን እናቆየው፤ በአንኮበር ዘመን ለንደን ላይ እንደገና እናገኘዋለን።

ተጉለትና ደብረ ብርሃን፦ ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም.

ሒሳቡ ከክርስትና ጋር ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ በገዳማት ሲጠና ብዙ መቶ ዓመታት አለፉ። በሰሜን ሸዋ የመንግሥት ጉዳይ የሆነው በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ነው። ንጉሡ ሃይማኖትን በሥርዓት ለማሰር የቆረጡ ነበሩ። በ1442 ዓ.ም. ተጉለት ውስጥ በደብረ ምጥማቅ በተደረገው ጉባኤ የቅዳሜና የእሑድ ሰንበት አከባበር ተወሰነ፤ ለዘመናት ገዳማትን ሲከፋፍል የኖረው ክርክር ተዘጋ። ሠላሳ ሦስቱ የእመቤታችን በዓላት እንዲከበሩ የደነገጉትም እሳቸው ናቸው።

ከዚያ በኋላ በሰማይ ብርሃን ታየና በሥፍራው ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፤ ደብረ ብርሃን ስሟን ከዚህ አገኘች። አንዳንድ የታሪክ ጸሐፊዎች ብርሃኑን በ1456 እ.ኤ.አ. ከታየው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ጋር ያያይዙታል። አብዛኞቹ የኢትዮጵያ ነገሥታት ከድንኳን ድንኳን ሲዘዋወሩ እሳቸው ግን የመጨረሻ ዘመናቸውን እዚያው ተቀምጠው ገዙ፤ ያረፉትም በደብረ ብርሃን ነው።

በዓላት ሲበዙና በንጉሥ ትእዛዝ ሲጸኑ ቀኑን መሳት ስሕተት ብቻ አይሆንም፤ በደል ይሆናል። የእመቤታችን በዓላት እንኳ ቀላል ናቸው፤ በየዓመቱ በዚያው ቀን ይውላሉ። በአልጀብራ ቋንቋ ቋሚ ፋንክሽን እንላቸዋለን፤ የትኛውም ዓመት ቢገባ መልሱ አይለወጥም። ፋሲካና እሷን የሚከተሉት በዓላት ግን ከዓመት ዓመት ይዘዋወራሉ። ለእነርሱ አስሊ ያስፈልጋል።

አስሊው የያዘው መሣሪያ የግዕዝ ቁጥር ነበር። በግዕዝ 7336 ሲጻፍ ፸፫፻፴፮ ይሆናል። ዜሮ የለውም፤ የአኃዙ ዋጋ በቦታው አይለዋወጥም፤ ቁጥሮችን አንዱን ከሌላው ሥር ጽፎ ማባዛት አይመችም። ስለዚህ ስሌቱ የሚሠራው በቃልና በሰንጠረዥ ነው። እዚህ ላይ ነው የመግደፍ ጥበብ የሚደነቀው። 5500ው ዘመነ ብሉይ የተደመረበት ትልቅ ዓመት በ19 ተገድፎ ከ19 የማይበልጥ ቁጥር ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ በጭንቅላት የሚያዝ ነው። ምንም ያልተረፈ እንደሆነ መምህራኑ አልቦ ይላሉ፤ በአኃዙ ያልነበረው ዜሮ በስሌቱ ውስጥ ቦታ ነበረው።

እሳትና ክርክር፦ ከ1521 እስከ 1624 ዓ.ም.

በ1521 ዓ.ም. አፄ ልብነ ድንግል በሽምብራ ኩሬ በኢማም አሕመድ ተሸነፉ። በተከታዮቹ ዓመታት የሸዋ አድባራት ተቃጠሉ፤ መጻሕፍት ከነዕቃ ቤታቸው ነደዱ፤ የመንግሥቱም መቀመጫ ከሸዋ ራቀ። በቃል የተያዘ ሒሳብ ግን መጽሐፍ ሲቃጠል አብሮ አይቃጠልም። የተረፉት መምህራን ይዘውት ዞሩ። በዚያው በ16ኛው መቶ ዘመን አቡሻክር ከዓረብኛ ወደ ግዕዝ ተመለሰ። ይህ ግብጻዊው ኢብን አል ራሂብ በ1257 እ.ኤ.አ. የጻፈው የዘመን ቆጠራ መጽሐፍ ነው፤ እስከ ዛሬም በሊቃውንቱ ዘንድ ትልቅ ቦታ አለው።

ሁለተኛው ፈተና ከሮም መጣ። በ1582 እ.ኤ.አ. ጳጳስ ጎርጎርዮስ 13ኛ የዘመን አቆጣጠሩን አሻሻሉ። ማሻሻያው ከሰማይ ጋር የበለጠ ይስማማል፤ የ19 ዓመቱ ዑደት ከእውነተኛዋ ጨረቃ ቀስ በቀስ እየራቀ መሄዱ እርግጥ ነው። ዋጋ ግን አስከፈለ። በየመቶ ዓመቱ የሚለወጥ ማስተካከያ ስለተጨመረ የሮማው ፋሲካ ቀኖች ራሳቸውን የሚደግሙት በ532 ዓመት መሆኑ ቀርቶ በ5,700,000 ዓመት ሆነ። አፄ ሱስንዮስ ካቶሊክነትን ሲቀበሉ ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ አጽዋማቱንና በዓላቱን በሮም ሥርዓት ለመለወጥ ተነሡ። ሕዝቡ ጾሙንና ፋሲካውን ሲነኩበት አመፀ፤ በ1624 ዓ.ም. አፄ ፋሲለደስ የቀድሞውን ሃይማኖት መለሱ። ባሕረ ሐሳብ ከዚያ ወዲያ ከስሌትነት አልፎ የማንነት ምልክት ሆነ። ይህም ጠብቆ አቆየው፤ እንዳይነካ ስላደረገውም እንዳይሰፋ አገደው ብዬ አምናለሁ።

አንኮበር፦ ከ1805 እስከ 1840 ዓ.ም.

ከመንዝ የተነሣው የሸዋ ቤት ቀስ በቀስ ወደ ደቡብና ወደ ምሥራቅ ወርዶ አንኮበርን መቀመጫው አደረገ። በ1805 ዓ.ም. ሣህለ ሥላሴ ሥልጣን ያዙ። ከቆላው በላይ በተራራ አፋፍ ላይ የተቀመጠችው አንኮበር ካህናትና መነኮሳት ስለ ክርስቶስ ልደት በሚነሣ ክርክር የሚፋጠጡባት፣ ክራፕፍና ኢሰንበርግን የመሰሉ ሚስዮናውያን በ1839 እ.ኤ.አ. የገቡባት፣ በ1841 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሻምበል ሃሪስ በእንግሊዝ መንግሥት ስም የውል ስምምነት የተፈራረሙባት ከተማ ነበረች። ኢሰንበርግ በአማርኛ የጂኦግራፊና የታሪክ መማሪያ ጽፎ ለንደን ላይ አሳትሟል። የአውሮፓ ትምህርት ለመጀመሪያ ጊዜ የሸዋን ደጅ ያንኳኳው በዚህ ጊዜ ነው።

በዚህ ዘመን አንድ የአንኮበር ደብተራ ስሌቱን እንዴት ይሠራው እንደነበር በአንድ ዓመት ላይ እንየው። ዓመቱ 1836 ዓ.ም. ይሁን፤ የሣህለ ሥላሴ የልጅ ልጅ ምኒልክ ከደብረ ብርሃን አቅራቢያ አንጎለላ ላይ የተወለዱበት ዓመት ነው።

5500 ሲደመርበት ዓመተ ዓለሙ 7336 ነው። በ19 ሲገደፍ 2 ይተርፋል። አንዱ ለዘመኑ ይተዋል፤ ወንበር 1 ሆነ። ወንበር በ11 ሲባዛ አበቅቴው 11፣ በ19 ሲባዛ መጥቅዑ 19 ነው፤ ከ30 ያለፈ ቢሆን በ30 ይገደፍ ነበር። መጥቅዕ ከ14 ከበለጠ በመስከረም፣ ካነሰ በጥቅምት ይውላል። 14 ራሱ በ19ኙ ዓመታት ውስጥ አይገኝም። ስለዚህ በዓለ መጥቅዕ መስከረም 19 ነው።

ዕለቱስ? 7336 ለ4 ሲካፈል 1834 ይሆናል፤ መጠነ ራብዒት የሚባለው ይህ ነው። ከ7336 ጋር ሲደመር 9170፤ በ7 ሲገደፍ አልቦ። አልቦ ከሆነ መስከረም 1 ሰኞ ነው፤ መስከረም 19 ዓርብ ዋለ። ከዚህ በኋላ የዕለት ተውሳክ፣ ለየዕለቱ የተመደበው ተደማሪ ቁጥር፣ ይመጣል፦ እሑድ 7፣ ሰኞ 6፣ ማክሰኞ 5፣ ረቡዕ 4፣ ሐሙስ 3፣ ዓርብ 2፣ ቅዳሜ 8። የዓርብን 2 ከመጥቅዑ 19 ጋር ስንደምር 21 ሆነ። ይህ መባጃ ሐመር ነው፤ ነነዌ ጥር 21 ገባች። የትንሣኤ ተውሳክ 9 ሲጨመር 30፤ የዓመቱ ፋሲካ መጋቢት 30 ዋለ።

ይህን በአልጀብራ ብንጽፈው ዓመቱን ዓ፣ ወንበርን ወ፣ መጥቅዕን መ ብንል መጥቅዕ መ(ወ(ዓ)) ነው፤ አንዱ ፋንክሽን በሌላው ላይ ተደርቧል። መባጃ ሐመር ደግሞ ድምር ነው፤ በአንድ በኩል መጥቅዕ፣ በሌላ በኩል መጥቅዑ ከዋለበት ዕለት የተገኘው ተውሳክ። ሁለቱም ከዚያው ከአንዱ ዓመት የሚነሡ ናቸው። ቅደም ተከተሉን ብናፋልስ ምን ይሆናል? 7336ን አስቀድመን በ30 ብንገድፍ 16 ይተርፋል፤ 16 በ19 አይገደፍም፤ ወንበሩ 15፣ መጥቅዑም 15 ይሆንና ሁሉም ይበላሻል።

ቅዳሜ ለምን 1 ሳይሆን 8 ሆነ? ተውሳክ የተሠራው ነነዌን ሰኞ ላይ ለመጣል ነው፤ ለዚህማ 1ም ይበቃ ነበር። ነገር ግን የአይሁድ ፋሲካ፣ ባሕረ ሐሳብ ፍሥሕ የሚለው፣ ከመጥቅዕ በ190ኛው ቀን ይውላል። ትንሣኤ ከመጥቅዕ የሚርቀው በ189 ቀንና በተውሳኩ ነው። ተውሳክ 1 ቢሆን ሁለቱ በአንድ ቀን ይገጥሙ ነበር፤ ኒቅያ የከለከለው ይህንን ነው። ስለዚህ ቅዳሜ አንድ ሳምንት ተጨምሮለት 8 ሆነ። በአንዲት ትንሽ ሰንጠረዥ ውስጥ የጉባኤ ውሳኔ ተቀምጧል። እኔ ይህን ሳይ ሰንጠረዡን የሠራው ሰው በምን ጥንቃቄ እንዳሰበ እደነቃለሁ።

ያኔ አውሮፓ ምን ላይ ነበረች? ፋንክሽን የሚለውን ቃል ላይብኒዝ በ17ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ አምጥቶት፣ ኦይለር በ1734 እ.ኤ.አ. ዛሬ የምናውቀውን አጻጻፍ ሰጥቶት ነበር። በ1800 እ.ኤ.አ. ካርል ፍሬድሪክ ጋውስ ፋሲካን ማግኛ ቀመር አሳተመ። ዓመቱን በ19 ይገድፋል፤ የተረፈውን በ19 ያባዛል፤ ቋሚ ቁጥር ጨምሮ በ30 ይገድፋል። ለጁልየን ዘመን ቋሚው 15 ነው። ለ1844 እ.ኤ.አ. የተረፈው 1 ነው፤ ልክ እንደ አንኮበሩ ወንበር። ጋውስ ከሸዋ አልወሰደም፤ ሸዋም ከጋውስ አልወሰደችም። ሁለቱም የእስክንድርያን ውርስ ይዘው ነበር።

ልዩነቱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ሣህለ ሥላሴ ሥልጣን በያዙበት በ1813 እ.ኤ.አ. ጆን ሄርሼል ፋንክሽንን ደጋግሞ ለመደረብና ለመገልበጥ የሚያገለግል ምልክት አቀረበ። በ1815 እና በ1816 እ.ኤ.አ. ጓደኛው ቻርልስ ባቤጅ ስለ ፋንክሽኖች ሰፊ ጥናት አሳተመ። ከጥያቄዎቹ አንዱ፣ ሁለት ጊዜ በራሱ ላይ ሲደረብ መነሻውን ቁጥር መልሶ የሚሰጥ ፋንክሽን የትኛው ነው የሚል ነበር። ከመልሶቹ አንዱ ከቋሚ ቁጥር መቀነስ ነው። አበቅቴን ከ30 ብንቀንስ መጥቅዕ፣ መጥቅዕን ከ30 ብንቀንስ ደግሞ ተመልሶ አበቅቴ። የአንኮበር ደብተራ መልሱን በየዓመቱ ይጠቀምበት ነበር፤ ጥያቄውን ግን አልጠየቀውም። ለእርሱ ሰንሰለቱ በዓል ማግኛ ነበር። ለባቤጅ መደረብ ራሱ የሚጠና ነገር ሆነ፤ ስም ተሰጠው፣ ምልክት ወጣለት፣ ከፋሲካ ተለይቶ ለማንኛውም ጉዳይ ዋለ። በ1837 እ.ኤ.አ. ዲሪክሌ ፋንክሽን የግድ በቀመር መጻፍ እንደሌለበት፣ ለእያንዳንዱ ቁጥር አንድ መልስ መኖሩ ብቻ እንደሚበቃ አስረዳ። በዚህ ትርጉም የተውሳክ ሰንጠረዥ፣ ቅዳሜን 8 ያደረገው ዝላዩ ሳይቀር፣ ሙሉ ፋንክሽን ነው።

ከአንኮበር ወደ አዲስ አበባ፦ ከ1870 እስከ 1928 ዓ.ም.

አፄ ምኒልክ አንኮበርን ትተው ወደ እንጦጦ፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ሲወርዱ የሸዋ የትምህርት ክብደትም አብሮ ወረደ። በ1901 ዓ.ም. ዘመናዊ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስ አውሮፓውያን መምህራን ሃይማኖትን ይበርዛሉ ብለው ስለሠጉ መምህራኑ ከግብጽ፣ ከቅብጦች እንዲመጡ ተደረገ። ድሜጥሮስን የሰጠችው አገር በሌላ ዘመን ሌላ ሒሳብ ላከች። ትምህርት ቤቱ ቋንቋዎችን ከሒሳብ ጋር ያስተምር ነበር፤ ዓላማው ለመንግሥት ሥራና ለውጭ ግንኙነት የሚሆን ሰው ማፍራት ነው። ባሕረ ሐሳብ በቤተ ክህነት ቀረ።

ታሪኩ የተሰበረው እዚህ ይመስለኛል። ያኔ በከተማው ድሜጥሮስን በቃላቸው የያዙ ሊቃውንት ነበሩ፤ በጥቁር ሰሌዳ ፊት የቆሙ አዲስ መምህራንም ነበሩ። የሚያገናኛቸው ሥርዓተ ትምህርት ግን አልተዘጋጀም። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተው ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትም የፈረንሳይን መንገድ ተከተለ። ሒሳብ በባዕድ ቋንቋ የሚመጣ ነገር ሆኖ ተተከለ።

አዲሱ ሒሳብ፦ ከ1933 እስከ 1966 ዓ.ም.

ከጣሊያን ወረራ በኋላ ትምህርት ወደ ክፍለ ሀገር ወጣ። ደብረ ብርሃን በአርበኛው በኃይለ ማርያም ማሞ ስም የተጠራ ትምህርት ቤት አገኘች፤ የመምህራን ማሠልጠኛም ተከፈተባት። የሁለተኛ ደረጃ ማስተማሪያው እንግሊዝኛ ሆነ። በ1943 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ አዲስ አበባ ላይ ሲከፈት አልጀብራ ወደ ላይ የሚያደርስ ደረጃ ሆነ።

በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ በኢንቴቤ የሒሳብ ፕሮጀክት ተካፈለች። በኡጋንዳዋ ኢንቴቤ ተሰብስበው የአፍሪካና የአሜሪካ መምህራን የጻፏቸው መጻሕፍት በስብስብ ጀምረው ቁጥርን በአዲስ አተያይ ያስተምሩ ነበር። ማስላት ብቻ ሳይሆን የስሌቱን ባሕርይ መጠየቅ ወደ ትምህርት ቤት ገባ። የባቤጅ ጥያቄ በመቶ ሃምሳ ዓመቱ ደብረ ብርሃን ደረሰ ማለት ነው። ደራሲዎቹ ለአፍሪካ ተማሪ የሚቀርብ ምሳሌ ለማግኘት መድከማቸው መልካም ነበር። ለኢትዮጵያዊው ተማሪ ግን ምሳሌው ከትምህርት ቤቱ አጥር ማዶ ባለው ደብር ውስጥ ነበር።

ሁለቱ መንገዶች ጎን ለጎን፦ ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ

ከአብዮቱ በኋላ ነገሩን ያነሡት ሁለት ሰዎች ከአገር ውጭ የነበሩ ናቸው። በ1979 እ.ኤ.አ. ኦቶ ኖይገባወር፣ የጥንት ዘመን የሥነ ፈለክ ሒሳብን ከማንም በላይ ያጠናው ሊቅ፣ ስለ ኢትዮጵያ ሥነ ፈለክና ባሕረ ሐሳብ መጽሐፍ አሳተመ። እስክንድርያ ላይ የጠፋው የጥንቱ የአይሁድ አቆጣጠር በግዕዝ ሰንጠረዦች ውስጥ እንደቀረ ያሳየው እርሱ ነው።

ሌላው ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። የተወለዱት በ1923 ዓ.ም. በሸንኮራ ነው፤ ዛሬ ሸንኮራ በሰሜን ሸዋ ውስጥ ናት። የቤተ ክህነቱን ትምህርት በካይሮ፣ ከዚያም በጀርመን ከተማሩት ጋር አጣምረው የያዙ ሰው ነበሩ። በደርግ ዘመን በጥይት ቆስለው ከወገባቸው በታች ሽባ ሆኑ፤ በአሜሪካ ሚኒሶታ በኮሌጅቪል የግዕዝ ብራና መጻሕፍትን መዝግበው አስነበቡን። በ1993 ዓ.ም. ባሕረ ሐሳብን በአማርኛ አሳተሙ፤ የዘመን ቆጠራ ቅርሳችን ብለው ነው የጠሩት። በቃል ይተላለፍ የነበረው ስሌት እርሳስና ወረቀት ለያዘ ማንኛውም አንባቢ ተከፈተ። ሸዋ የሰጠችውን ሸዋዊ መለሰላት ለማለት እደፍራለሁ።

በትምህርት ቤት በኩል በ1986 ዓ.ም. የወጣው ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃን ሒሳብ ለአማራ ክልል ልጆች በአማርኛ አደረገው፤ በሁለተኛ ደረጃ ግን ማስተማሪያው እንግሊዝኛ ነው። የፋንክሽን ምዕራፍ የሚመጣው ቋንቋው ከተለወጠ በኋላ ነው። በ1999 ዓ.ም. ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ሥራ ሲጀምር ከተማዋ ሒሳብን በከፍተኛ ደረጃ የሚያስተምር ተቋም አገኘች።

ሁለቱን መንገዶች ያገናኘው የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። በ1997 እ.ኤ.አ. ናኹም ዴርሾዊትዝና ኤድዋርድ ራይንጎልድ የዓለምን አቆጣጠሮች በፋንክሽን የሚጽፍ መጽሐፍ አሳተሙ፤ የኢትዮጵያና የቅብጥ አቆጣጠሮች በውስጡ አሉ። ዘዴያቸው ግልጽ ነው። እያንዳንዱ አቆጣጠር ሁለት ፋንክሽን አለው፤ አንዱ ቀኑን ወደ ተራ ቁጥር ይለውጣል፣ ሌላው ተራ ቁጥሩን ወደ ቀን ይመልሳል። ከኢትዮጵያ ወደ ሌላ አቆጣጠር መሄድ ማለት የአንዱን አቆጣጠር ፋንክሽን በሌላው ላይ መደረብ ነው። ቀን የሚለውጡልን የስልክ ፕሮግራሞችም የሚሠሩት በዚህ ዓይነት መንገድ ነው።

ለ2018 ዓ.ም. እንሥራው። ዓመተ ዓለሙ 7518፤ በ19 ሲገደፍ 13፤ ወንበር 12። አበቅቴ 132 በ30 ተገድፎ 12፤ መጥቅዕ ከ30 ተቀንሶ 18። መስከረም 18 እሑድ ነው፤ ተውሳኩ 7፤ መባጃ ሐመሩ 25፤ ነነዌ ጥር 25። የትንሣኤ 9 ሲጨመር 34፤ 30ው ሲነሣ ሚያዝያ 4። የ11ኛ ክፍል መምህር ይህን በሰሌዳ ላይ ለመጻፍ የሚያስፈልገው አንድ ክፍለ ጊዜ ነው፤ ድምሩም፣ ድርቡም፣ የድግግሞሽ ዘመኑም ሁሉም በውስጡ ይገኛሉ።